የበረዶ ላይ አጣቢዎች

ራይሊ የእናቷን ቤት በር ከፍታ ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎኑ መሀል ተገትራ ቀረች። ከሶፋው በላይ፣ ሥዕሉ ሲሰቀልበት በኖረው ግድግዳ ላይ፣ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል። ዙሪያውን ያለው የግድግዳ ወረቀት የአባቷ ሲጋራ ያወየበው ነው፤ መሀሉ ግን ትናንት የተለጠፈ ይመስላል፤ ትንንሾቹ ሰማያዊ አበቦች ሳይቀሩ ፍክት ብለው ይታያሉ። ሌባ ነው እንዳትል ቴሌቪዥኑ አለ፣ የብር ማንኪያዎቹ መሳቢያቸው ውስጥ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ያለው ብስክሌት እንኳ አልተነካም። ሌላውን ሁሉ ትቶ አንድ አሮጌ ሥዕል መርጦ የሚወስድ ሌባ ቁልፍ ያለው ሌባ ነው። የዚህ ቤት ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እሷ ናት፣ ሌላው ታናሽ ወንድሟ ቬይኮ። ራይሊ ይህን አስባ አልጨረሰችም። ገና ግማሹ ላይ ሳለች ደሟ ፈልቶ፣ በበረዶ የራሰ ጫማዋን እናቷ በምትሳሳለት ምንጣፍ ላይ እየጎተተች ከክፍል ክፍል ትመላለስ ጀመር።

ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ትታገሠው ነበር። ዛሬ ግን እናቷ ሳይሚ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ነው። ኅዳር ላይ ደረጃ አዳልጧት ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ እዚያው ከርማ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታክሲ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይወስዳታል። ወደዚህ ቤት ተመልሳ አትገባም። ይህን ሐኪሟም ያውቃል፣ ሳይሚ ራሷም ታውቃለች፤ ያልዋጠላት ራይሊ ናት። አዲሱ ክፍል ጠባብ ነው። አልጋው የመኖሪያው ነው፤ ከቤት ማምጣት የሚፈቀደው አንድ ወንበር፣ መጋረጃና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ነገር ነው። ሚስማሩን የመኖሪያው ጥገና ሠራተኛ አስቀድሞ መትቶታል፤ ሁለተኛ አይመታም። ራይሊ ለዚያ ሚስማር የሚገባውን ለመምረጥ ብዙም አልተጨነቀችም። እናቷ ገና ከበሩ ስትገባ ሥዕሉን ካየች ቤቷ የገባች ያህል ልቧ ይረጋል፤ ካላየችው ግን እንደ አሮጌ ዕቃ የትም የተጣለች ይመስላትና በዚያው ትከስማለች። ራይሊ ይህን በምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ለባልደረቦቿ፣ ተራ ለሚጠብቁ ሕሙማን፣ ለጎረቤቷም ጭምር ደጋግማ ከመናገሯ የተነሳ እውነት መሆኑን ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሥዕሉ ስም ያለው ሠዓሊ ሥራ አይደለም። አባቷ፣ ታምፔሬ ከተማ ተወልዶ ታምፔሬ ያረጀው የሽመና ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሐይቅ ዳር ገጠር የመጣችውን ሳይሚን ባገባ ሰሞን ቤት ለቤት እየዞረ ከሚሸጥ ሠዓሊ የገዛው ነው። ሦስት ሴቶች በረዶ በሸፈነው ሐይቅ ላይ ተንበርክከው፣ በመጥረቢያ በተከፈተ ጉድጓድ አንሶላ ያለቀልቃሉ። ከኋላቸው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ የተጠመደበት ፈረስ ቆሟል፤ ማዶ ከአንዲት ጎጆ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ሰማዩ ሊመሽ ሲል እንደሚሆነው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ራይሊ ትንሽ ልጅ ሆና ኩፍኝ ይዟት ሶፋው ላይ በተኛችበት ጊዜ ያቺን ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት እያየች፣ «እማዬ ናት» አለች፤ እናቷም ዝም አለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ሴት እናቷ ሆና ቀረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ራይሊ ጣቷን እየቀሰረች፣ «እማዬ እንደዚህ ነው ያደገችው» ትላለች። እንግዳውም «እንዴት ያምራል!» ይላል። ሳይሚ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ሥራ አታጣም።

ቬይኮ ስልኩን አያነሳም። ግን ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ቀን በዚህ አገር የአተር ሾርባ ይበላል፤ ቬይኮ ደግሞ የሕንፃ ጥገና ጓደኞቹን ይዞ ሾርባውን የሚበላበትን ቤት ራይሊ ታውቀዋለች። በትራም ሄደች። መቀመጫ እያለ ቆማ ነው የሄደችው። ውጭ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ደርሶ፣ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ይገባል። እሷ ግን በልቧ ከወንድሟ ጋር ስትሟገት ላብ በላብ ሆናለች። የወንድሟ ሚስት የፒርኮ ሥራ ነው፤ ያ ሥዕል ታይቷት አያውቅም፤ ብቻ የምትሸጠው ነገር አትጣ። ደግሞ አዲስ ሶፋ ገዝተዋል። ከየት መጣ ሶፋው? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር አለ ያገሬ ሰው! አንዷን እንደዚህ የሚያቃጥላት ነገር ሌላውን እንዴት አይነካውም? ትራሙ ቆሞ በሩ እስኪከፈት የበሩን ቁልፍ ሦስት አራት ጊዜ ተጫነችው።

ምሳ ቤቱ በሰውና በእንፋሎት ታፍኗል። አሥራ ሁለት ዩሮ ከፍሎ የገባ ሰው ሾርባውን እስኪበቃው ይጨልፋል፤ መጨረሻ ላይ ከእንጆሪ ማርማላታ ጋር ቂጣ አለ። ቬይኮ ግድግዳውን ተጠግቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል፤ ሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ገና ሁለተኛ ሳህኑን መጀመሩ ነው።

«ሥዕሉ የታለ?»

«ደህና ዋልሽ ይባላል መጀመሪያ።»

«ደህና አልዋልኩም! ሥዕሉ የታለ?»

ቬይኮ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጓደኞቹን አየ፣ ሾርባውን አየ፣ እሷን ግን አላያትም። «ተሽጧል» አለ።

ራይሊ እንዲህ ያለ መልስ ይሰጠኛል ብላ አልጠበቀችም፤ ይክዳል፣ ይምላል፣ ትንሽ ይጨቃጨቃል ብላ ነበር። ድምፅዋ ራሷን እስኪያስደነግጣት ድረስ ጮኸች። «እናትህ በሕይወት እያለች ቤቷን ትበትናለህ? ነፍሷ እስክትወጣ እንኳ መታገሥ አቃተህ? ሌባ! የእናቱን የሚሰርቅ ሌባ!» በዚህ አገር ሰው ፊት እንዲህ አይጮህም። አንዲት ሴት ቂጣ ያነሳችበት እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳንቲም መቁጠሯን አቆመች። ከቬይኮ ጓደኞች አንዱ፣ ጢማሙ፣ ነገሩን ለማብረድ ብሎ ነው መሰል፣ «ቬይኮ፣ ሰናፍጩን ላቀብልህ?» አለ። ማንም አልሳቀም።

ቬይኮ ጆሮው ቀልቶ ነበር። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «ይሄን ነገር ተይው ራይሊ» አለ በቀስታ። «እባክሽ።»

«ለማን ሸጥከው?»

«ፒርኮ ካሌቫ ሰፈር ያለው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ መደርደሪያ ተከራይታለች። እዚያ ነው። ግን ባትሄጂ ይሻላል።»

ለምን ብላ አልጠየቀችውም። እሱም አላስረዳትም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚህ ቤተሰብ ዝምታ ግን ከሚገባው በላይ ስለተቀመጠ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል። አባታቸው በታመመ ጊዜ ማንም ካንሰር የሚለውን ቃል አላነሳም፤ ቬይኮ የመጀመሪያ ሚስቱን ሲፈታ ራይሊ የሰማችው ከፖስታ ሳጥኑ ላይ የሴትዮዋ ስም ሲነሳ አይታ ነው። አሁንም ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። እሱ ሾርባውን አልጨረሰም፤ እሷ ግን ይህን ዞራ አላየችም።

አሮጌ ዕቃ መሸጫው እንደ መጋዘን የተንጣለለ ነው። ሰዉ መደርደሪያ በሳምንት ይከራያል፣ ዕቃው ላይ ዋጋ ለጥፎበት ይሄዳል፣ ባለቤቲቱ በር ላይ ተቀምጣ ትሸጥለታለች። ራይሊ በመደርደሪያዎቹ መካከል ትሮጥ ጀመር። የልጆች ጫማ ሁለት ዩሮ፣ የሞተ ሰው ሱፍ ልብስ ስምንት ዩሮ፣ እጀታው የተነቀለ የሻይ ጀበና አንድ ዩሮ። የፒርኮን መደርደሪያ ያወቀችው የእናቷን የኬክ ቅርጽ ማውጫ አይታ ነው፤ እሱን ለፒርኮ እናቷ ራሷ እንደሰጠቻት ትዝ ቢላትም ንዴቷ አልበረደም። ሥዕሉ የለም። በር ላይ ያለችው ሴት ሹራብ እየሠራች ነበር፤ መርፌዎቿን ሳታቆም፣ «የአጣቢዎቹ ሥዕል? በሠላሳ ዩሮ ሄደ። ኦይሊ ናት የወሰደችው፣ ፒስፓላ ሰፈር ካፌ ያላት። ግድግዳ ራቁቱን ሆነብኝ ስትል ከርማ፣ ሥዕሉን ስታይ እኮ እንደ ሕፃን ነው የታቀፈችው» አለች። ራይሊ «ታቀፈችው» በሚለው ቃል ተናደደች። ሰዓቷን አየች፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የፒስፓላው አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ከእንጨት በተሠሩት ቤቶች መካከል ያለው መንገድ አሸዋ ቢደፋበትም ያዳልጣል፤ ራይሊ አንድ እጇን አጥር ላይ፣ አንዱን አየር ላይ እያደረገች እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ ካፌው ደረሰች። የካፌው በር ሲከፈት ደወል ጮኸ፤ እሷ ደግሞ ቀና ስትል ሥዕሉን ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሎ አገኘችው። መብራት ተደርጎለታል። እዚያ ቤታቸው ሳለ እንደዚህ አምሮ አይታው አታውቅም፤ ይህም አበሳጫት። ከሥሩ ሁለት ጡረተኞች የቀረፋ ዳቦ እየቆረሱ አንጋጠው ያዩታል።

«እየው ሰላሙን» ይላል አንደኛው። «ያኔ እኮ ጭንቀት የሚባል ነገር አልነበረም።»

«የት አባቱ!» ይላል ሌላው። «ሐይቁ አለህ፣ ፈረሱ አለህ። ምን ጎድሎ።»

ኦይሊ ሰፊ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ራይሊ የተሰባበረ ንግግሯን እስክትጨርስ እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች አዳመጠቻት። «አዝናለሁ እህቴ፣ ገዝቼዋለሁ» አለች። «ደንበኞቼ ወደውታል። እኔም ወድጄዋለሁ።» ራይሊ አርባ ዩሮ አለች፤ ኦይሊ ራሷን ነቀነቀች። ስልሳ አለች፤ ኦይሊ ጭራሽ ተቀየመች። ያኔ ራይሊ እንባዋ መጣ። ሳታስበው ነው የመጣው፤ ከማታውቃት ሴት ፊት፣ ሁለቱ ጡረተኞች እያዩ፣ እናቷ ዛሬ ቤቷን ለዘላለም እንደምትለቅ፣ ግድግዳው አንድ ሚስማር ብቻ እንዳለው፣ ያቺ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ማን እንደሆነች እያለቀሰች ተናገረች። ኦይሊ ወንበር ላይ ወጥታ ሥዕሉን አወረደችው። ከሠላሳ ዩሮዋ በላይ አልቀበልም ብላ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ በገመድ አሰረችላት፤ ግን ከእጇ ሳትለቀው ትንሽ ቆየች።

«እናትሽ ናት አምጪልኝ ያለችሽ?»

«የእናቴን ልብ እኔ ካላወቅኩ ማን ያውቃል?» አለች ራይሊ፣ እና ሥዕሉን ተቀብላ እየሮጠች ወጣች።

ጓንቷን ባንኮኒው ላይ እንደረሳችው ያወቀችው ቁልቁለቱን ከጨረሰች በኋላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ልትመለስ ስትል አውቶቡሱ ብቅ አለ፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ደግሞ የሚሄደው ወደ ሌላ ቦታ ሆኖ ተገኘ። ቆማ ጠበቀች። ሥዕሉን ነፋሱ እየገፋው እንደ ሸራ ይዟት ሊሄድ ይታገላታል፤ ክፈፉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው። መጀመሪያ ጣቶቿ ቆረጠሟት፣ ከዚያ አቃጠሏት፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ታክሲው ደርሶ ይሆናል፤ እናቷ ባዶ ግድግዳ እያየች ይሆናል፤ ነርሶቹ «ልጅዎ የለችም?» ብለዋት ይሆናል። ራይሊ በዚያች ሰዓት ቬይኮን ከልቧ ጠላችው። እንዲህ አድርጋ ሰው ጠልታ አታውቅም።

አረጋውያን መኖሪያው ስትደርስ ሳይሚ ክፍሏ ገብታለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል። ከአልጋው ትይዩ ሚስማሩ ብቻውን ብቅ ብሏል።

«አገኘሁት እማዬ!» አለች ራይሊ፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ገመዱን መፍታት ሲያቅታት ጋዜጣውን በክርኗ ቀደደችና ሥዕሉን አልጋው ላይ አስደግፋ አቆመችው። «ቬይኮ ሸጦት ነበር፤ ከተማውን ስዞር ዋልኩ፤ ግን ይኸው።»

ሳይሚ ሥዕሉን አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ከታች የመኪና ማቆሚያ እንጂ የሚታይ ነገር የለም። ራይሊ እናቷ በደስታ ልታለቅስ ነው ብላ ጠበቀች። ሳይሚ ግን አላለቀሰችም። ዞር ስትል ዓይኗ የልጇ እጅ ላይ አረፈ።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ተይው እማዬ፣ መጀመሪያ ልስቀለው—»

«እጅሽን አልኩሽ!»

ይህን ድምፅ ራይሊ ከልጅነቷ ወዲህ አልሰማችውም። ሳይሚ መደገፊያ ብረቷን ይዛ ተነሳች፤ ነርሷ ያለ እርዳታ እንዳትነሳ ብላት ነበር፤ አንድ እግሯን እየጎተተች ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። ገንዳውን ደፈነች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ በክርኗ ለካች፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመረች። ከዚያ የልጇን ሁለት እጆች ይዛ ውሃው ውስጥ ከተተቻቸው። ራይሊ ጮኸች።

«ያምሻል?»

«ያመኛል!»

«ካመመሽ ደህና ነው። የማያመው ነው ክፉው።» እጆቿን ከላይ ጫን አድርጋ ያዘቻቸው። የሳይሚ ጣቶች አጭር፣ መገጣጠሚያቸው ያበጠ ነው፤ ራይሊ እርጅና ነው እያለች ነበር የኖረችው። «ያ ሠዓሊ ሁሉን አሳምሮ ሥሏል» አለች ሳይሚ፣ ውሃው ውስጥ እያየች። «ፈረሱን ሥሏል፣ ጢሱን ሥሏል። ባልዲውን ነው የረሳው።»

«የምን ባልዲ?»

«የሙቅ ውሃ ባልዲ ነዋ! ያለ እሱ እኮ ማንም ሴት ሐይቅ አይወርድም። አንድ አንሶላ ታለቀልቂያለሽ፣ እጅሽን ባልዲው ውስጥ ትከቻለሽ። ደግሞ ሌላ አንሶላ፣ ደግሞ ባልዲ። ካልሆነ ጣት አይተርፍም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር ስጀምር፤ የምሠራው ሥራ ያንን ባልዲ መሸከም ነበር፤ ኋላ ግን እኔም ተንበረከክሁ። ሰውየው መንገደኛ ነው፣ ከሩቅ አይቶ ይሆናል የሣለው። እነዚያ ሦስቱ ይኸው እስከ ዛሬ እጃቸውን የሚያሞቁበት የላቸውም። አባትሽ ከሰቀለው ቀን ጀምሮ፣ ከጠረጴዛው ቀና ባልኩ ቁጥር ጣቶቼን ይቆረጥመኛል።»

«ለምን አልተናገርሽም? ይሄን ሁሉ ዘመን!»

«ምን ብዬ? የወር ደሞዙን ከፍሎበት፣ 'አገርሽ እንዳይናፍቅሽ' ብሎ ተሸክሞ መጣ። አገሬ አልናፈቀኝም፣ እዚህ የሞቀ ውሃ ከግድግዳ ይወጣል ልበለው? ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ እማዬ ናት አልሽ። ደስ አለሽ። ምን ልበልሽ?» ሳይሚ ቧንቧውን ከፍታ ሙቅ ጨመረችበት። «ቬይኮን ለመንኩት። ከራይሊ በፊት አውጣልኝ፣ አትንገራት፣ ትሰበራለች አልኩት። ነገረሽ እንዴ?»

«አልነገረኝም» አለች ራይሊ።

ምሳ ቤቱ ውስጥ የቀላው ጆሮው ታያት። ተከፍቶ የተዘጋው አፉ ታያት። ኀፍረት ከአንገቷ ተነስቶ እስከ ጸጉሯ ሥር ደረሰ። የምትሸሽበት አልነበረም፤ እጆቿ በእናቷ እጅ ተይዘዋል። ሳይሚ ራሷ ፎጣ አንስታ ጣት በጣት አደረቀችላት። ከዚያ ካፖርቷን አወለቀችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። «ቁምሳጥኑ ሩቅ ነው» አለች። «ይሄ ይሻለኛል።»

ራይሊ ሥዕሉን ይዛ ስትወርድ ቬይኮ የእናታቸውን ወንበር ከመኪናው እያወረደ ነበር። ወንበሩን ለመኖሪያው ሠራተኛ ሰጠና ሥዕሉን አየው። ከዚያ እህቱን አያት።

«ባልዲውን ነገረችሽ?»

«ነገረችኝ። ለምን አልነገርከኝም? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ስልህ እንኳ?»

«አትንገራት አለችኝ። ደግሞ ሾርባው እየቀዘቀዘ ነበር።»

«ይቅርታ አድርግልኝ ቬይኮ።» ይህ ቃል በሁለቱ መካከል ከዚህ በፊት ተነግሮ አያውቅም፤ የሚቀበለውም የት እንደሚያኖረው አላወቀም። ቬይኮ ሁለት ጊዜ አሳለ። ሥዕሉን ከእጇ ተቀብሎ የኋላ መቀመጫው ላይ አስደገፈው፤ የመኪናውን ማሞቂያ በሙሉ ወደ እሷ በኩል አዞረው።

«ይሄንን የት እናድርሰው?»

«ፒስፓላ። ጓንቴንም እዚያ ረስቻለሁ።»

ገና ዐሥር ሰዓት ሳይሆን ጨልሟል። የትራፊክ መብራት ቀይ ሆኖ ሲያቆማቸው ራይሊ ዞራ ሥዕሉን አየችው። እስከ ዛሬ ጠዋት የምትወደው ሥዕል ነው፤ አሁንም ትወደዋለች፤ አንጀቷን የበላትም ይኸው ነው። ዓይኗ ከፈረሱ እግር ሥር ፈለገ፣ ከጋሪው ጀርባ ፈለገ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሴት ጉልበት አጠገብ ፈለገ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ። ቬይኮ ግን አልነዳም፤ እሱም አንገቱን አዙሮ ያንኑ እየፈለገ ነበር።